ሣህሉ ያልቆረጠው ፀጉር

ታንኳው የተገለበጠው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። የዘጌ ሰው ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ አይወጣም፤ ነፋሱ የሚነሣው ያን ጊዜ መሆኑን ሕፃኑም ያውቀዋል። ሣህሉና ወልደ ገብርኤል ግን ያን ዕለት የኔታ ትምህርታቸውን ሳያስጨርሱ አልለቅም ስላሏቸው ዘገዩ። ያሰሩት ማገዶ ደግሞ ባሕር ዳር መድረስ ነበረበት። ሁለቱም የዐሥራ ሁለት ዓመት የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። ማዕበሉን ከሩቅ አዩት፤ እንመለስ ለማለት አንዱ አንዱን ሲጠብቅ መሐል ሐይቅ ገቡ።

የደንገል ታንኳ ሰው እንደሚያስበው ወዲያው አይሰጥምም። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከዚያ በአንድ ጎኑ ይተኛል። ማገዶው ተንዶ ሐይቁ ላይ ሲበተን ሣህሉ አንዱን እስር አቅፎ ቀረ። ወልደ ገብርኤል ዐሥር ክንድ ያህል ርቆ የታንኳውን ጫፍ ይዞ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ሁለቱም ተሳሉ። ሣህሉ፣ «የክብራኑ ገብርኤል! ካወጣኸኝ ጥላ አገባልሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ወልደ ገብርኤል ደግሞ፣ «ካወጣኸኝ ዕድሜ ልኬን አገለግልሃለሁ!» አለ። ድምፁ ከሣህሉ ድምፅ ይልቅ የጠራ ነበር፤ የዜማ ልጅ ነውና።

ሣህሉን ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘው። ክንዶቹ እስሩን እንዳቀፉ ደርቀው ስለ ነበር ሁለት ሰው ሆነው ነው ያላቀቋቸው። ወልደ ገብርኤል በሦስተኛው ቀን ደንገሉ ውስጥ ተገኘ።

የኔታ ከቀብር ሲመለሱ ሣህሉን ጠርተው፣ «አንተን ለስለትህ አወጣህ፤ እሱን ለራሱ ወሰደው። ጥላውን እንዳትረሳ» አሉት።

«የኔታ፣ እሱኮ ከኔ የበለጠ ነበር የሰጠው።»

«ዝም በል።»

ሣህሉ ጥላውን አላገባም።

በዚያው ዓመት ደበሎውን ጥሎ ባሕር ዳር ገባ። ገበያው አጠገብ ኑርሑሴን የሚባል የወረታ ነጋዴ ልጅ ፀጉር ቤት ነበረው፤ መጀመሪያ ጠራጊ ሆነ፣ ቀጥሎ ላጭ፣ ከዚያ ቆራጭ። በደርግ ጊዜ የቀበሌው የውይይት ክበብ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር የለም የሚለውን እዚያ በመጽሐፍ ተጽፎ ሲያነበው አልደነገጠም። ከዚያ ማዕበል ጀምሮ ውስጡ ስም ሳይኖረው የኖረ ነገር ስም አገኘለት እንጂ ሌላ አልሆነም። ዘመኑ ሲለወጥ ያስተማሩት ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ አንዳንዶቹም የሰንበቴ ጸሐፊ ሆኑ። ሣህሉ ግን በነበረበት ቀረ። በኋላ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር የራሱን ፀጉር ቤት ሲከፍት ደንበኛው «ከሓዲው ጋ ልቆረጥ» እያለ ይመጣ ነበር። በስሙ አላፈረም፤ እጁ ጥሩ ነበርና ሰውም አልሸሸውም።

ሚስቱ እሌኒ በዚያው ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሹሩባ ትሠራለች። እሷ አማኝ ናት። በየወሩ በዐሥራ ዘጠኝ ገብርኤልን ትዘክራለች፤ የዓመቱ በዓል ሲደርስም ያንኑ ታነሣለች።

«ሣህሌ፣ ያን ጥላ እንግዛና እንገላገል።»

«ወልደ ገብርኤልን ይመልስልኝና ሁለት ጥላ አገባለሁ።»

እሌኒ ታማትባለች፤ ነገሩ ለዓመቱ ይቆያል።

ጉርናም ሲንግ ሹም አቦ የመጣው በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ህንዳዊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሕንፃ ምሕንድስና ሊያስተምር ተቀጥሮ የመጣ፣ ስድሳን የተጠጋ፣ ረጅምና ጺማም ሰው። ቀድሞ ጅማ ስምንት ዓመት አስተምሮ ስለ ነበር አማርኛው ሰው አይቸገርበትም። ጉድ የሆነው ጥምጣሙ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጥምጥም አድርጎ በሣህሉ ደጅ ሲያልፍ በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው አገርነሽ ብድግ ብላ ጎንበስ አለችና፣ «ይፍቱኝ አባቴ» አለች። ሰውየው ግራ ቢገባው እጁን ዘረጋላት። እሷም አንጓው ላይ ያለውን የብረት አምባር መስቀል መስሏት ተሳለመችው። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ደግሞ አብዱልከሪም የተባለው ጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ወጥቶ፣ «አሰላሙ አለይኩም ሼኪ» ብሎ ጨበጠው።

ሣህሉ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ እስኪያነባ ሳቀ።

«እመት አገርነሽ፣ ዛሬ ያሳለመሽ ቄስ የየት ደብር ነው?»

«ምን ታሾፋለህ አንተ ከሓዲ! ጥምጣሙን አይቼ ነዋ።»

«ታዲያ ተሳለምሽ ነው የሚባለው ወይስ አልተሳለምሽም?»

«እኔ ተሳልሜአለሁ፤ ለማን እንደ ደረሰ እሱ ያውቃል።»

ሰውየው ሲመለስ ፀጉር ቤቱ ገባ። ሣህሉ ወንበሩን በፎጣ መታ መታ አድርጎ፣ «ይቀመጡ» አለው።

«ልቆረጥ አይደለም። ከጀርባዎ ያለውን ቤት ተከራየሁ። ጎረቤቴን ልሰላም ብዬ ነው።»

«ለጺምዎስ?»

«ለጺሜም አይደለም። ከተወለድኩ ተቆርጬ አላውቅም።»

ፀጉር ቤት ገብቶ እንዲህ የሚል ሰው ሣህሉ አይቶ አያውቅም። ሻይ አስመጣለት።

ከዚያ ወዲህ ጉርናም ከሥራ መልስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ በወተት የፈላ ሻይ በፔርሙዙ ይዞ እየመጣ ከሣህሉ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ለመደ። ሳይውል ሳያድር አንተ ተባባሉ። ሣህሉ በጥያቄ ያጣድፈዋል። የሲክ ሃይማኖት ምን እንደሆነ፣ አምላኩ ማን እንደሆነ፣ ለምን ብረት እንደሚያስር። ጉርናምም ይነግረዋል፤ አምላክ አንድ ነው፣ መልክ የለውም፣ አይሣልም። ቃል የገባ ሲክ አምስት ነገር ከገላው አይለይም፤ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ፀጉሩ ውስጥ የምትሰካ የእንጨት ሚዶ፣ የብረት አምባር፣ ትንሽ ቢላ፣ አጭር የውስጥ ሱሪ። ሱሪው ላይ ሲደርስ ደንበኛው ሁሉ ሳቀ፤ ጉርናምም አብሮ ሳቀ።

«ይህን ፀጉር የተሳልኸው ምን እንዲደረግልህ ነው?» አለው አንድ ቀን ሣህሉ።

«ስለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሰጥሃል?»

«ምንም። ስወለድ አብሮኝ የመጣ ነው፤ እንደመጣ ተውኩት።»

«አንድም ነገር አልጠየቅኸውም?»

«አልጠየቅኩም።»

ሣህሉ ዕድሜውን ሁሉ እምነት ማለት እሰጥሃለሁ ስጠኝ ማለት ነው ብሎ ነበር የኖረው፤ የተጣላውም ከዚያ ጋር ነው። ይህ ሰው የያዘው ግን ሌላ ነገር ሆነበት። ያን ዕለት የሚቀጥለውን ደንበኛ ጎኑን አሳጥሮበት ይቅርታ ጠየቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሣህሉ መቀሱን ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዘንድ ይሄዳል። ከቅጽሩ አይገባም፤ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የኔ ቢጤዎችን በነጻ ይቆርጣል። ጉርናም ይህን ሲሰማ አብሮት ሄደና ውኃ ሲቀዳ፣ ራስ ሲያጥብ ዋለ። በአገሩ በየቤተ ጸሎቱ ወጥ ቤት እንዳለ፣ የመጣ ሁሉ መሬት ተቀምጦ እንደሚበላ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ተብሎ እንደማይጠየቅ እየሠራ አጫወተው።

«እግዜር የለም የምለው እኔ ብመጣስ?»

«ትበላለህ። ከዚያ ሳህን ታጥባለህ።»

«አየህ፣ አንተ የምትሠራው ስለ ታዘዝህ ነው። እኔ የምቆርጣቸው ራሳቸውን ስለሚያሳክካቸው ነው።»

ጉርናም የአንዱን ሽማግሌ ራስ ማሸቱን ቀጠለ። «የሚያሳክከው ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

«ጥሩ። እኔም የራሴን አውቀዋለሁ።» በዚህ ተስማሙ፤ ወይም ባለመስማማት ተስማሙ።

ደንበኞቹ ግን ነገሩን ወደ ጨዋታ ወሰዱት። «ሣህሉ ህንዱን መቼ ነው የምትከረክመው?» ይሉታል። እሱም፣ «ፀጉር ነው፤ ይበቅላል። አንድ ቀን ተኝቶ ያገኘሁት ለት አለቀለት» ይላል።

«አትቆርጠውም» አለ ጉርናም አንድ ቀን።

«ለምን? እግዜርን አልፈራ!»

«ለዚያ ነዋ። በእግዜር ስም የሰውን ፀጉር በግድ የሚቆርጥ አለ፤ አንተ ግን በስሙ የምትቆርጥለት የለህም።»

ሁሉም ሳቁ። ሣህሉም ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላ አብሮት ቆየ።

በሁለት ሺህ አምስት፣ ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሣህሉ ስልክ ጮኸ። የማያውቃት ሴት ናት። ከሰባታሚት መንገድ በዝናቡ ባጃጅ ተገልብጧል፤ ተሳፋሪው ህንዳዊ ሆስፒታል ገብቷል፤ ስልኩ ውስጥ መጨረሻ የተደወለለት ቁጥር የእርስዎ ነው አለችው። ሌሎቹ ህንዳውያን መምህራን ክረምቱን አገራቸው ሄደው ነበር። ሣህሉ ካፖርቱን ደርቦ ሮጠ።

ጉርናም አልጋ ላይ ተኝቷል። ይተነፍሳል፣ አልፎ አልፎም ባገሩ ቋንቋ ያጉተመትማል፤ ሲጠሩት ግን አይሰማም። ጥምጣሙ ተፈትቶ፣ ደም ጠጥቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ትንሿ ቢላና ትንሿ የእንጨት ሚዶ አጠገቡ አሉ። ፀጉሩ በአልጋው ራስጌ ወርዶ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሣህሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወራለት የኖረውን ፀጉር ያየው ያን ጊዜ ነው። ሽበት ነው፤ ግማሹ በደም ተጣብቋል።

«ዘመዱ ነዎት?» አለችው ነርሷ።

«ጎረቤቱ ነኝ። ፀጉር ቆራጭ ነኝ።»

«እሰይ! ሰው አንሶናል። ይኸው መቀሱ፣ ይኸው ምላጩ። ዶክተሩ ሊሰፋው ነው፤ ሙሉውን ያንሡልን።»

መቀሱን ተቀበላት። እጁ በልማድ ጣቶቹን ቀለበቶቹ ውስጥ ከተተ። ያንቀላፋውን ጉርናምን አየው፤ ሲዝትበት የኖረው ቀን ይኸው መጣ። ማንም አይወቅሰውም። ጉርናም ራሱ ነቅቶ ቢያየው እንደሚምረው ያውቅ ነበር። ከላይ የሚያይ አለ ብሎም አያምንም። ታዲያ የከበደው ምን እንደሆነ ለራሱም አልገባው።

መቀሱን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህ ሰው አይቆረጥም» አለ።

ዶክተሩ አምሐ የሚባል ወጣት ነው፤ ጓንቱን እያጠለቀ መጣ። «ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ቃል አለበት። ከተወለደ አልተቆረጠም።»

«ጋሼ፣ ፀጉር ነው፤ ይበቅላል። ሰውየው ግን እየደማ ነው።»

ሣህሉ የገዛ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር። ስሕተት ነው ለማለት አልቻለም፤ ስሕተት አይደለምና።

«ለመስፋት ስንት ጣት ቦታ ይበቃሃል?» አለው።

«ለምኑ?»

«ንገረኝ እንጂ!»

«አራት ጣት። ግን ንጹሕ መሆን አለበት። አንዲት ፀጉር ቁስሉ ውስጥ እንዳትገባ።»

«ሩብ ሰዓት ስጠኝ።»

ዶክተሩ የጉርናምን ዓይን ገለጥ አድርጎ አየ፣ የልብ ትርታውን ቆጠረ፣ ቁስሉን በጨርቅ አፍኖ ነርሷ እንድትጫን አደረገ። «ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ምላጩን እኔው እይዛለሁ፤ ከቁም ነገሬ ነው።»

ሣህሉ ለእሌኒ ደወለ።

«የት ነሽ?»

«ከገብርኤል መውጣቴ ነው። ምነው?»

«ባጃጅ ያዢና ሆስፒታል ነይ።»

«ወይኔ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሹሩባ ልትሠሪ ነው።»

«ሆስፒታል ውስጥ? ሣህሌ፣ ደህና ነህ? ሚዶም አልያዝሁ!»

«ሚዶው እዚህ አለ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለምና እሌኒ በአምስት ደቂቃ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች። አልጋውን አይታ አንዴ አማተበች፤ ከዚያ ነገሩ ሳይነገራት ገባት። እጇን በመድኃኒት ታጠበች። ሣህሉ የጉርናምን የእንጨት ሚዶ በዚያው መድኃኒት አጥቦ ሰጣት። ቤቷ ብትሆን በቅቤ ነበር የምታለሰልሰው፤ እዚህ ዶክተሩ የሰጣት ቁስል ማጠቢያ ፀጉሩን አርሶላታል። ሣህሉ የበሽተኛውን ራስ ደግፎ ደሙን እያጠበ ፀጉሩን ይከፍላል፤ እሷ ከቁስሉ ከንፈር ጀምራ ወደ ውጭ፣ በግራም በቀኝም፣ ስስ ስስ አድርጋ እያጠበቀች ትጎነጉናለች። ሃያ ዓመት በአንድ ቤት፣ በመጋረጃ ተለይተው፣ እሱ ሲቆርጥ እሷ ስትሠራ ኖረዋል፤ በአንድ ራስ ላይ አብረው ሠርተው ግን አያውቁም ነበር።

ዶክተሩ ሰዓቱን ሲያይ፣ እጇን ሲያይ ቆየ። «እትዬ፣ እጅዎ አይንቀጠቀጥም?»

«እኔስ ሙሽራ ስሠራ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሙሽራ ትወራጫለች፤ ይህ እንኳ ጨዋ ነው።»

ነርሷ ፈገግ አለች። ዐሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ቁስሉ እንደታረሰ መሬት ግልጥ ብሎ ወጣ፤ ዙሪያውን አንዲት የተለቀቀች ፀጉር የለም። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ መረመረና መርፌውን ጠየቀ። ዘጠኝ ጊዜ ወጋ። ምላጩ ከወረቀቱ ሳይወጣ ቀረ።

ጉርናም ዓይኑን የገለጠው በማግስቱ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሣህሉ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። የበሽተኛው እጅ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ወጣ።

«ቆረጥከኝ?»

«ዳስሰው።»

ጉርናም ጉንጉኖቹን አንድ ባንድ ዳሰሳቸው፤ እስከ ጫፋቸው ተከተላቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ የሚጸልይ ይመስላል። ሣህሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጠበቀው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሹሩባ ነው። እሌኒ ናት የሠራችህ። ሴቶቻችን ለበዓል ይሠሩታል፤ ዱሮ ወንዱም ጦር ሜዳ ሲሄድ ይሠራ ነበር።»

«አማረብኝ?»

እሌኒ ምሳ ይዛ ከበር ገብታ ኖሮ፣ «ቅቤ ጎድሎታል» አለች።

ስፌቱ እስኪወጣ ጉርናም ሹሩባውን አልፈታውም። ጥምጣሙን ከላዩ ጠምጥሞ ሰፈር ሲመለስ አገርነሽ፣ «እኔስ ያኔውኑ ተሳልሜው ነበር» እያለች ለሽንኩርት ገዢው ሁሉ አወራች። ሣህሉን ደግሞ አንዳንዱ፣ «በመጨረሻ አመንህ አይደል?» አለው። «አላመንሁም» አለ። ጉርናምም አልጠየቀው። ክርክራቸው ከአቆሙበት ቀጠለ፤ አንዱም አንዱን አልረታም። በሁለት ሺህ ስምንት ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ወደ ፑንጃብ ሲመለስ አዲስ የእንጨት ሚዶ ለእሌኒ ትቶላት ሄደ። እስከ ዛሬ ትሠራበታለች።

በዚያው ዓመት ለታኅሣሥ ገብርኤል እሌኒ ጥላ ገዛች። ሣህሉን አላስፈቀደችውም። «በወልደ ገብርኤል ስም ነው የማገባው፤ አንተን አያገባህም» አለችው። የክብራን ደሴት ገዳም ሴት አይገባበትምና ከወደቡ ላይ ለአንድ መነኩሴ ልትሰጠው ነው። ሣህሉ ጥላውን ከእጇ ተቀብሎ በትከሻው አድርጎ እስከ ወደቡ ተሸከመላት። ጀልባው እስኪርቅ ቆመ። ለማን ብለህ ነው የተሸከምኸው ላሉት፣ «ለእሌኒ» ነበር መልሱ፤ እውነቱንም ነው።

ሣህሉ አሁን ሰባን ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። ዛሬም ይሠራል፤ ቅዳሜም ከአጥሩ ሥር አይጠፋም። ዶክተር አምሐ ደንበኛው ሆኗል። በዚህ ሰሞን ወንበሩ ላይ ሆኖ ያን ቀን አነሣበትና፣ «ጋሽ ሣህሉ፣ በዕድሜዎ ከሠሩት ሁሉ የሚበልጥብዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሣህሉ ማሽኑን አጠፋና እንዲህ አለው፦

«አለ የለም እያልን ከጉርናም ጋር አምስት ዓመት ተከራክረናል። ደግ ክርክር ነበር፤ አልጸጸትበትም፣ ሐሳቤንም አልለወጥሁም። ያን ቀን ግን ሰውየው መናገር አልቻለም። የሚፈልገውን የማውቅ ከዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርሁ። ትክክል ይሁን አይሁን የኔ ጉዳይ አይደለም፤ የሱ ነው፤ ቃሉ ግን እኔ ዘንድ በአደራ ነበር የተቀመጠው። ልጅ ሳለሁ ወልደ ገብርኤል ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ዐሥር ክንድ ነበር የራቀኝ፤ እጄ አልደረሰም። ያን ቀን ደረሰ። የሚበልጥብኝ ይኸ ነው። በል ጎንበስ በል፣ ማጅራትህን ልጨርስ።»